ጠያቂ ተማሪ ያገኙት አባ ጎርጎርዮስ

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓም በአገራችንም ታሪክን ጽፈው ያቆዩልን አብዛኞቹ ካህናትና መነኮሳት ናቸው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ግን በተማሪያቸው ብዕር አስጻፉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1649 በሮማ ከተማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ስለ ግዕዝ፣ ስለ አማርኛና ስለ አገራችን ልማድ አስረዱት። በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ዐረፉ። ሉዶልፍ የጠየቀውን ሁሉ ጽፎ ይዞ ነበርና በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። መምህሩ ቢያልፉም ትምህርታቸው አላለፈም።

እኛ የድሬዳዋ ወጣቶችስ? በየደብራችን አረጋውያን መምህራን አሉን። ሳይለዩን እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፍ።