ራሱን ተመትቶ ሕመሙ ስላልለቀቀው ተማሪ

የሰው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በቀጭን ፈሳሽ ተከቦ ይኖራል። ልጅ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ላይ በወደቀ ጊዜ፥ ወይም በገና ጨዋታ ሩሯ ራሱን በመታችው ጊዜ፥ አጥንቱ ሳይሰበር ደሙም ሳይፈስ አንጎሉ በውስጥ ሊናወጥ ይችላል። ይህም የአንጎል መናወጥ ይባላል። ብዙ ሰው ራሱን ያልሳተ ልጅ አልተጐዳም ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን አንጎላቸው ከሚናወጥባቸው ሰዎች የሚበዙት ራሳቸውን አይስቱም። ጕዳቱም በአንጎል ሥራ ላይ እንጂ በመልኩ ላይ ስላልሆነ፥ በሆስፒታል በሚነሣው የራስ ሥዕል እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም።

ሕመሙ ከአብዛኞቹ ልጆች በ4 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ከዚያ አልፎ ለወራት ይቈያል። ራሳቸውን ያማቸዋል፥ ያዞራቸዋል፥ ብርሃንና ጫጫታ ያስጨንቃቸዋል፤ ያነበቡትን ይረሳሉ፥ ቶሎ ይደክማሉ፥ እንቅልፍ ያጣሉ ወይም ይበዛባቸዋል፥ በጥቂት ነገርም ይቈጣሉ ወይም ያለቅሳሉ። ቍስሉ ስለማይታይ መምህሩ ሰነፈ፥ ወላጁ ጠባዩ ተበላሸ፥ ጎረቤቱም ተለከፈ ይላል። እንዲህም ሲሆን በታመመው ልጅ ሕመም ላይ ቅጣት ይጨመርበታል።

ልጁ ቀድሞ እንዴት ያነብና ይጽፍ እንደ ነበረ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው መምህሩ ነው። ስለዚህ ከመመታቱ በፊት የጻፈውን ደብተር ከአሁኑ ጋር ያስተያይ። ትጉ የነበረው ልጅ በድንገት ቢዘገይ፥ ከመገሠጹ አስቀድሞ ወድቆ ወይም ተመትቶ እንደ ሆነ ይጠይቀው።

ቀድሞ ሐኪሞች ሕመሙ ፈጽሞ እስኪለቅ ድረስ በጨለማ ክፍል መተኛትን ያዙ ነበር። ዛሬ ግን ምክሩ ተለውጧል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጥቅምት 2022 በአምስተርዳም የተሰበሰቡ ሊቃውንት፥ ብዙ ቀን ተኝቶ መዋል እንደማይጠቅም፥ ቀላል እንቅስቃሴ ግን እንደሚረዳ አስታውቀዋል። አካሄዱም እንደዚህ ነው፤

1ኛ፤ በመጀመሪያዎቹ 1 ወይም 2 ቀናት ልጁ ከትምህርትና ከሥራ ይረፍ፤ ስልክና ቴሌቪዥንም ይቀነስለት። ነገር ግን በቤት አይዘጋበት፤ ከሰው ጋር ይጫወት፥ በእግሩም ጥቂት ይንሸራሸር።

2ኛ፤ ከዚያ በኋላ በቤቱ ለጥቂት ደቂቃ ያንብብ። ይህን ከቻለ፥ ሕመሙ ፈጽሞ ባይለቀውም፥ ለግማሽ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ይመለስ።

3ኛ፤ በክፍል ውስጥ ፀሐይ ከማይወጋው ስፍራ ይቀመጥ፤ የሚገለብጠው ጽሑፍ ይቀነስለት፤ በየመካከሉ ይረፍ፤ ፈተናውም ይቈይለት።

4ኛ፤ ሲያነብ ወይም ሲሄድ ሕመሙ ጥቂት ቢብስበትና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቢመለስለት፥ አይጐዳውም። ከዚያ ቢበልጥ ግን ሥራው ይቀነስለትና በማግሥቱ እንደ ገና ይሞክር።

5ኛ፤ ኳስ፥ ገና፥ ትግልና ግልቢያ ከሁሉ በኋላ ይምጡ። አንጎሉ ሳይድን ዳግመኛ የተመታ ልጅ ሕመሙ ይረዝምበታል፤ አልፎ አልፎም ለሞት የሚያደርስ እብጠት ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ በጨዋታ ላይ ራሱን የተመታ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታው አይመለስ።

ሽማግሌዎችም በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላቸው። ፍርሃትና ኀዘን ሕመሙን ያቈዩታል፤ ልጁ እንደሚድን ከሚያከብረው ሰው አፍ ቢሰማ ግን ልቡ ይጸናል። በጊዜ መተኛትና በጊዜ መነሣት፥ በቂ ውሃ መጠጣትና ምግብ አለማቋረጥ ይረዱታል። የራስ ምታት ክኒን በየቀኑ መዋጥ ግን ራሱ የራስ ምታት ያመጣል። ሕመሙ ከ4 ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ለመዞሩም ለእንቅልፍ ማጣቱም ለአንገቱ ሕመምም ለየራሱ የሚሰጥ ሕክምና አለና።

ከተመታ በኋላ ደጋግሞ ቢያስመልሰው፥ የራሱ ሕመም እየጠና ቢሄድ፥ ቢንቀጠቀጥ፥ አንደበቱ ቢተሳሰር፥ እጁ ወይም እግሩ ቢዝል፥ የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ቢሰፋ፥ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ቢወርድ፥ ወይም ሲቀሰቅሱት ባይነቃ፥ በራስ ቅሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ይሆናልና ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በመጀመሪያው ሌሊት የሚጠብቀው ሰው ከአጠገቡ አይለይ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ የተናወጠ አንጎልም የሚድነው በደረጃ ነው። መምህር ሥራውን ቢያቀልለትና ቤተሰብ ቢታገሠው፥ ልጁ ከትምህርቱ ሳይለይ ይድናል። ሰነፍ ተብሎ የተገረፈ እንደ ሆነ ግን ትምህርቱን ጠልቶ ሊቀር ይችላል፤ ይህም ጕዳት ከመጀመሪያው ምት የከፋ ነው።