ስለ በቆሎ ዘር መቀላቀልና ስለ ናሙና አወሳሰድ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር፣ አባቶቻችን የባሕር ማሽላ ይሉት የነበረው በቆሎ ዋና አዝመራ መሆኑ የታወቀ ነው። አንዳንድ ሰዎች ግን ምርጥ ዘር የተባለውን ሁሉ «ልውጥ ነው» ሲሉ ይሰማል፤ ይህ ስሕተት ነው። ቢኤች 660ን የመሰለው ድቅል ዘር በባኮ የምርምር ጣቢያ በቆሎን ከበቆሎ በማዳቀል የተገኘ ነው። ልውጥ ሕያው የሚባለው ግን በላቦራቶሪ ጥበብ ባዕድ ዘረ መል የገባበት ነው። እንዲህ ያለው ያለ ፈቃድ እንዳይገባና እንዳይዘራ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ደንግጓል። በ2010 ዓ.ም. ልውጥ ጥጥ እንዲዘራ፣ ልውጥ በቆሎም በተከለለ ስፍራ እንዲሞከር ተፈቀደ።

በቆሎ የነፋስ ወዳጅ ነው። ከአገዳው ራስ የሚበንነው የወንዴ አበባ ዱቄት በጎረቤት ማሳ ባለው እሸት ጸጕር ላይ ያርፋል። ጤፍና ስንዴ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው አበባ ዘር ይይዛሉና ለእነርሱ የሚያሠጋው ከነፋሱ ይልቅ ዐውድማውና ጆንያው ነው። ለምግብ የመጣ እህል ለዘር ሲውልም መቀላቀል ይመጣል።

በአሜሪካ ስታርሊንክ የተባለው ልውጥ በቆሎ ለከብት መኖ እንጂ ለሰው ምግብ ሳይፈቀድ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሰው ምግብ ውስጥ ተገኘ። የተዘራው ከአገሩ የበቆሎ መሬት ከመቶ አንድ እጅ ባልሞላው ላይ ነበር፤ ሆኖም ከ300 የሚበልጡ የምግብ ዓይነቶች ከገበያ ተሰበሰቡ።

ዓይን ልውጡን ከሌላው አይለይም። አንደኛው መመርመሪያ፣ የተፈጨው ፍሬ በውሃ ተበጥብጦ የሚነከርበት ቀጭን ወረቀት ነው፤ የሚፈለገው ፕሮቲን ቢኖር መሥመር ይወጣበታል። ወረቀቱ ግን የተሠራለትን ፕሮቲን እንጂ ሌላውን አያውቅም። ፒሲአር የተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ዘረ መሉን ራሱን ይፈልጋል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

የሁለቱም ታማኝነት በናሙናው ላይ የቆመ ነው። ከመቶ ፍሬ አንዱ ልውጥ በሆነበት ክምር፣ 100 ፍሬ ብቻ የወሰደ መርማሪ ከመቶ ጊዜ 37 ጊዜ ያህል አንድም ልውጥ ሳያገኝ ይመለሳል፤ 300 ቢወስድ የሚያመልጠው 5 ጊዜ ያህል ነው። ከሺህ አንድ የሆነውን እንዲሁ አጥብቆ ለመያዝ 3,000 ፍሬ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ስንት ፍሬ እንደ ተመረመረ ካልገለጠ ብዙ አያስረዳም።

መምህሩ ይህን በክፍል ሊያሳይ ይችላል። 10 ፍሬ በቀለም ነክሮ ከ990 ፍሬ ጋር ይቀላቅል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ 30 ፍሬ አንሥቶ ይቍጠርና ይመልስ። ከአራት ተማሪዎች ሦስቱ ያህል ቀለም ያለው አያገኙም።

ናሙና ሲወሰድ ከጆንያው አፍ ብቻ መዝገን አይገባም፤ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ ደግሞም ከብዙ ጆንያ ይሁን። የተሰበሰበው በንጹሕ ሸራ ላይ ፈስሶ ይቀላቀል፤ በአራት ተከፍሎም ፊት ለፊት ያሉት ሁለት እጆች ይወሰዱ፤ እስኪበቃም ይደገም። ከዚያ ግማሹ ወደ ምርመራ ይሂድ፤ ግማሹ ደርቆ በወረቀት ከረጢት፣ ቀኑ፣ ቀበሌውና የዘሩ ስም ተጽፎበት፣ በባለቤቱና በሽማግሌዎች ፊት ታሽጎ ይቀመጥ። ውጤቱ ቢያከራክር ዳግመኛ የሚመረመረው እርሱ ነው።