ከፊልም ሠሪ ጋር ሲወያዩ ምን ይጠየቃል? የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ቃለ ምልልሶች እንደ መማሪያ

የፊልም ባለሙያ አግኝተን ስናነጋግር ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «በምን ካሜራ ቀረጹት?» ብለን ነው። ጥያቄው አይከፋም፣ ግን መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የከተማችን ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በተለያዩ ጊዜያት የሰጧቸውን ቃለ ምልልሶች መነሻ አድርጌ፣ ስለ ሙያው የሚደረግ ውይይት የት ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል ለማሳየት እሞክራለሁ። እኔ እንዳነበብኳቸው፣ ውይይቱ ከየትም ቢጀመር መድረሻው አንድ ነው፦ ፊልሙ የማን ነው?

ፕሮፌሰር ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ገሪማ ታፈረ ናቸው፤ ተውኔት እየጻፉ በየቦታው እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ልጁ በአንድ በኩል በእሳት ዳር የአያታቸውን ተረት፣ በሌላ በኩል የአባታቸውን መድረክ እያዩ አደጉ። ከዚያ ሲኒማው መጣ። በጎንደር ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ካውቦይና ቀይ ሕንድ ሲጫወቱ ሁሉም ካውቦዩን መሆን ይፈልግ እንደነበር ይናገራሉ። ታርዛንን አፍሪካውያን ከኋላው ሲመጡበት ደግሞ ልጆቹ እየጮኹ ያስጠነቅቁት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የጎንደር ልጅ እንዴት ለታርዛን ይጮኻል? ልጁ ሞኝ ሆኖ አይደለም። ካሜራው ከታርዛን ጎን ስለቆመ፣ ቅርብ ሆነን የምናየው የሱን ፊት ስለሆነ ነው። ስለ ካሜራ አቀማመጥ በክፍል ከተማርኩት ሁሉ ይህች ትዝታ ይበልጥ ገብታኛለች።

በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ፊልም ይቀርጹ ነበር፤ «ቡሽ ማማ»ን ከቀረጹት አንዱ በኋላ ታዋቂ ዳይሬክተር የሆነው ቻርልስ በርኔት ነው። በፊልሙ መክፈቻ ላይ ፖሊሶች ሲያንገላቱ የሚታየው ትወና አይደለም፤ ቀራጮቹን ራሳቸውን አስቁመው ሲፈትሹ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ፣ በጥቁርና ነጭ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም እዚሁ አገራችን ተቀረጸ። እዚያ ካሜራው የቆመው ከገበሬው ጎን ነው፤ ሲያርስ ረጅም ጊዜ ያየዋል፣ አይቸኩልም። ተመልካች ይሰለቻል የሚል ጓደኛ አለኝ፤ እኔ ግን ጭሰኛው ራሱ የሚኖረው ጊዜ እንደዚያ ረጅም ነው ባይ ነኝ።

የገንዘቡ ነገር ከሁሉም በላይ ያስተምራል። ስለ ባርነት የሚናገረው «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልፈለጉትም። ስለዚህ ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራይተው፣ በማኅበረሰቡ ድጋፍ ከከተማ ከተማ እያዞሩ አሳዩት። አባታቸውስ ተውኔታቸውን ይዘው ሲዞሩ የነበረው እንዲሁ አይደል! «ጤዛ» ደግሞ 14 ዓመት ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ፣ በ2009 ዋጋዱጉ በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ሽልማቱን ሁሉም ያወራል፤ ያን ሁሉ ዓመት በምን ተኖረ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፕሮፌሰሩ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ያስተምሩ ነበር። ይህ መንገድ ለሁላችንም ክፍት ነው ማለት አልችልም፤ የመምህር ደመወዝ እዚህና እዚያ አንድ አይደለምና።

ቢሆንም እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ዋሽንግተን መሄድ አያስፈልግም። ፒያሳ ወርዶ ሰርግ የሚቀርጸውን ባለሙያ ማነጋገር ይቻላል፦ ቀብዱን ስንት ይቀበላል? ሙሽሮቹ ቁረጠው ያሉትን ትዕይንት እሱ ቢወደው ምን ያደርጋል? ዋናው ቅጂስ ማን ዘንድ ይቀራል?