ነጩ መስመር፦ አንቲጅንና ፀረ-አካል በጄል ውስጥ

ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በፍጥነት መንገዱ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይቆይ ቢሾፍቱ ይደርሳል። በዚያች ከተማ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት የሚመረትበት ብሔራዊ ተቋም ለበርካታ ዓመታት የደስታ በሽታን መከላከያ ክትባት ሲያመርት ነበር። ይህ በሽታ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የሀገራችንን የቀንድ ከብት ፈጅቶ ገበሬውን ያለ በሬ ያስቀረ ነው። በሽታውን ለመለየት ካገለገሉት ዘዴዎች አንዱ በአጋር ጄል ውስጥ የሚወጣ ነጭ መስመር ነበር። መስመሩ እንዴት እንደሚፈጠር በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ፀረ-አካል ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን ሲሆን፣ ይህን ምላሽ የሚቀሰቅሰው ነገር አንቲጅን ይባላል። በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው የፀረ-አካል ዓይነት ሁለት ክንዶች አሉት፤ አንቲጅኑ በበኩሉ ብዙውን ጊዜ በርካታ መያዣዎች አሉት። ስለዚህ አንድ ፀረ-አካል ሁለት አንቲጅኖችን ያገናኛል። ግንኙነቱ እየሰፋ ሲሄድ መረብ ይሠራል፤ መረቡ ሲገዝፍ ደግሞ ከፈሳሹ ተለይቶ ይዘቅጣል።

ይሁን እንጂ መጠኑ ወሳኝ ነው። ፀረ-አካሉ እጅግ ከበዛ የአንቲጅኑ መያዣዎች ሁሉ ቀድመው ይያዛሉ፤ አንቲጅኑ ከበዛ ደግሞ የፀረ-አካሉ ክንዶች ይሞላሉ። በሁለቱም ሁኔታ የሚገኙት ትናንሽ ስብስቦች ብቻ ስለሆኑ ዝቃጭ አይታይም። በአንድ ቱቦ ውጤት ብቻ «በሽታ የለም» ብሎ መፍረድ የታመመን ከብት ወደ መንጋው መመለስ ሊሆን ይችላል። ናሙናውን ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ መመርመር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ጄሉ ይህን ችግር ያቃልላል። አንቲጅንና ፀረ-አካል በሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች ተጨምረው በጄሉ ውስጥ ሲሰራጩ፣ ከጉድጓዳቸው በራቁ ቁጥር እየሳሱ ይሄዳሉ። መጠናቸው በሚመጣጠንበት ሥፍራም መስመሩ ይወጣል። ስርጭቱ ግን አዝጋሚ ነው። አማካይ ርቀቱ ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚመጣጠን፣ 2 ሚሊ ሜትር ለመጓዝ 6 ሰዓት ቢወስድ 4 ሚሊ ሜትር 24 ሰዓት ይፈጃል። ጉድጓዶቹን አቀራርቦ መቁረጥ ያስፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘዴው ቀላልና ርካሽ ቢሆንም፣ አንቲጅኑ ጥቂት ከሆነ መስመሩ ለዓይን አይታይም። እንደ ኤላይዛ ያሉ ይበልጥ ስሱ ምርመራዎች የተፈለጉትም ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም.፣ ዓለምም በ2003 ዓ.ም. ከደስታ በሽታ ነፃ መሆናቸው ታውጇል። እንዲህ ያለውን «የለም» ለማለት የታየውን ብቻ ሳይሆን፣ ያልታየው ለምን እንዳልታየም ጠንቅቆ ማወቅ ያሻል።