ተማሪና የሕዝብ አገልግሎት

ትምህርት ማለት ከመጽሐፍ ያነበቡትን በፈተና ወረቀት ላይ መልሶ መጻፍ ብቻ እንዳልኾነ መምህሮቻችን ዘወትር ይነግሩናል። ተማሪ በሕዝብ ገንዘብና ድካም የሚማር ስለ ኾነ፥ ገና በትምህርት ላይ ሳለ ሕዝብን ማገልገል መልመድ አለበት። በዚህ የሚከራከር ሰው ያለ አይመስለኝም። የሚያከራክረው ግን «አገልግሎትን ለልጆች እንዴት አድርገን እናስተምር?» የሚለው ጥያቄ ነው። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ከአገራችን ልማድና ታሪክ፥ እንዲሁም በእኛ በተማሪዎቹ ላይ ከደረሰው ጥቂት ለመግለጽ አስባለሁ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን መረዳዳትን የተማሩት በሥራ ላይ ነው። አንድ ገበሬ አዝመራው ሲደርስና ጉልበት ሲያጥረው እንጀራና ጠላ አዘጋጅቶ ጎረቤቶቹን ለደቦ ይጠራል። ወንፈል የኾነ እንደ ኾነ ደግሞ ዛሬ የሠሩለት ሰው ነገ በተራው ብድሩን ይመልሳል። ልጆችም ውኃ እያቀበሉና ነዶ እየሰበሰቡ ከታላላቆቻቸው ጋር ይውላሉ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም ደቦን የሚጠራው ሥራው ያለበት ሰው ራሱ መኾኑ ነው። ሳይጠራ ተነሥቶ በሰው ማሳ ውስጥ የሚገባ የለም።

ዘመናዊ ትምህርት ከተስፋፋ ወዲህም ተማሪዎች ሕዝብን እንዲያገለግሉ ብዙ ተሞክሯል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ሠሩ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተው ፊደል አስተማሩ፤ የገበሬ ማኅበራትንም ለማቋቋም ረዱ። ይህ ዘመቻ ግን በውድ ሳይኾን በግዴታ ስለ ነበረ፥ ጣቢያቸውን ጥለው የሄዱ ብዙዎች ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ያን ጊዜ ስንት ሽማግሌ በልጅ ልጁ እኩያ ፊት ተቀምጦ ፊደል ቆጥሯል!

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ የምንኖርባት አንበሳሜ ከፎገራ ሜዳ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ከጉና በኩል የሚወርደው ጉማራ ወንዝ ከየኮረብታው የታጠበውን አፈር ተሸክሞ ወደ ሜዳው፥ ከዚያም ወደ ጣና ይፈስሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚተከል ዛፍ ታች ላለው ለሩዝ ገበሬው ጭምር ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ከተማርን በኋላ በሐምሌ ወር ዋንዛ፥ ወይራና ግራር ይዘን ወደ አንድ ኮረብታ ወጣን። እየዘፈንን ተከልን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። እውነቱን ለመናገር እኔ የወጣሁት የምስክር ወረቀት ይሰጣል ስለ ተባለ ነበር። በታኅሣሥ ወር ተመልሰን ብናይ ግን ከብት ያልበላው ፀሐይ አድርቆታል። አንዳንዶቻችን በገበሬዎቹ ላይ ተቈጣን። በዚያ ከብት ይጠብቁ የነበሩ አንድ አባት ዝም ብለው ሰሙንና «ልጆቼ፥ ይህ የላሞቼ መሰማሪያ ነው። ሌላ የለኝም። ስትተክሉ ጠይቃችሁኝ ነበርን?» አሉን። የሚመልስ ጠፋ። እኔም ዐይኔን ወደ መሬት ጣልሁ፤ ደቦ የሚጠራው ባለ ሥራው መኾኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ከአንድ መምህራችን ጋር ሄደን አባን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተማክረውም ለከብቶቻቸው ግማሹን አስቀርተው፥ ውኃ የሚሸረሽረውን ግማሽ እንድንተክል ፈቀዱልን፤ ሣሩን ግን እያጨዱ ሊወስዱ ተስማማን። በሁለተኛው ክረምት ቍጥሩን አሳንሰን ተከልን፤ በእሾህ አጠርን፤ በበጋም በየቅዳሜው ተራ ገብተን በጀሪካን ውኃ አጠጣን። ኹሉም አልጸደቀም፤ የሚበዛው ግን ዛሬ ቆሟል። አባም ራሳቸው የሌላ ሰው ከብት ሲገባ ይከለክላሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን እንደ ተተከለ በመንግሥት ተነግሯል። የተተከለውን መቍጠር ደስ ያሰኛል፤ የጸደቀውን መቍጠር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ተማሪንም የሚያስተምረው ይኸኛው ነው።

እንግዲህ ከዚህ የተማርሁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ከመሥራት በፊት የሚረዳውን ሰው መጠየቅ። ሁለተኛ፥ ለመፈጸም የሚቻለውን ትንሽ ሥራ መምረጥ። ሦስተኛ፥ ተመልሶ ማየትና የጎደለውን ማቃናት። መምህሮቻችን ሥራን ለጥፋተኛ ቅጣት ባያደርጉብን መልካም ነው፤ ጥፋተኛ ብቻ የሚጠርገው ግቢ መጥረግን ውርደት ያስመስለዋልና። ወላጆቻችንም ልጃቸው ቅዳሜ ወደ ኮረብታው ሲወጣ ጊዜውን አባከነ ብለው እንዳያዝኑበት እለምናለሁ።

ጓደኞቼ ሆይ! እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን። ጀሪካኖቹ በዕቃ ቤት ተቀምጠዋል። ከእኛ በኋላ የምትመጡ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ተራውን እንድትቀበሉን፥ ግን አስቀድማችሁ አባን ሄዳችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።