ባል ዕረፍት፣ ሚስት ታሪክ፦ ስለ ዛንዚባር ጉዞ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ከሜሪላንድ ደብዳቤ የላኩት ጠያቂ እንደሚገልጹት፣ የጋብቻቸውን 25ኛ ዓመት በዛንዚባር ለማክበር የወሰኑ ሲሆን፣ ገናንና ጥምቀትን አዲስ አበባ ከዘመድ ጋር አሳልፈው ወደ ደሴቲቱ ለመሻገር አስበዋል። ሆኖም ባለቤታቸው ከባሕር ዳር ሆቴል ንቅንቅ እንደማይሉ ሲያስታውቁ፣ ጠያቂዋ በበኩላቸው ያን ያህል መንገድ ሄዶ አሸዋ ላይ ተኝቶ መመለስን ገንዘብ እንደመበተን ቆጥረውታል። በዚህ ላይ የባለቤታቸው ቤተሰብ ነገሩን ቢሰማ «ገንዘብ ተርፏቸው ነው» መባሉ ስለማይቀር፣ ጉዞውን «የሥራ ጉዳይ» ብሎ ማለፍ ይሻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

በደብዳቤው ውስጥ በአንድ ሐረግ የታለፈ፣ ነገር ግን ከሌላው ሁሉ የሚከብድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ባለቤታቸው ለዓመታት የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ መሆናቸው ነው። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ፣ ዕረፍት ወጣ ሲባል ደግሞ ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ «ብላልን፣ ጠጣልን» ሲባል የሚሰነብት ሰው ባሕር ዳር መተኛት ቢመኝ፣ ታሪክ ንቋል ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም። ስለዚህ አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ከተማውን አስቀድመው ባሕሩን ለመጨረሻ ቢያቆዩትም፣ ለእነዚህ ባልና ሚስት መጀመሪያ አምስት ሌሊት ባሕር ዳር፣ ቀጥሎም ሦስት ሌሊት በጥንታዊው ከተማ በስቶን ታውን ቢሆን ይመረጣል፤ ከተማው ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ በመሆኑም ለመመለሻ ይመቻል።

የወቅቱ ምርጫ መልካም ነው። «ማሲካ» የሚባለው ረጅሙ የዝናብ ወቅት የሚመጣው ከመጋቢት ጀምሮ ስለሆነ ጥርና የካቲት ሞቃትና በአብዛኛው ደረቅ ናቸው፤ በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ጣሪያ የሚነካው የሆቴል ዋጋም ጥምቀት ሲያልፍ ረገብ ይላል። ነገር ግን ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባና በእነዚህ ዓመታት በዚሁ ወቅት ስለሚውል፣ የደሴቲቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ከመሆኑ አንጻር ቀኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ በጾሙ ቀን አደባባይ ላይ መብላትና መጠጣት ነውር ነው።

የሆቴል ማስታወቂያዎች የማይናገሩት ዋናው ነገር የውኃው መሙላትና መጉደል ነው። የጨረቃና የፀሐይ ስበት የባሕሩን ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ የሚያደርገው ሲሆን፣ ሰዓቱም ከቀን ወደ ቀን 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል፤ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል። በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ኮራል የተባሉት የባሕር ፍጥረታት አፅም የገነባው የድንጋይ አጥር ከዳርቻው ራቅ ብሎ ስለቆመና በመካከሉ ያለው ወለል ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ውኃው ሲሸሽ ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ለሰዓታት መዋኘት አይቻልም። የማስታወቂያው ፎቶግራፍ የተነሣው በሞላበት ሰዓት እንደሆነ መናገር አያሻም። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቶሎ ስለሚጠልቁ በማንኛውም ሰዓት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይዋኝባቸዋል።

ባለቤታቸው ዋና ይወዱ እንደሆነ ደብዳቤው አይናገርም። የሚወዱ ከሆነ ኬንድዋ ይሻላል፤ ፍላጎታቸው መተኛት ብቻ ከሆነ ግን ጃምቢያኒ ለሁለቱም ይበጃል፤ ምክንያቱም ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው ወለል የመንደሩ ሴቶች እርሻ ነው። ካንጋ የተባለውን ባለ ቀለም ጨርቅ ያገለደሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በተተከሉ ችካሎች መካከል ገመድ ይወጥራሉ፤ በገመዱም ላይ የባሕር አረም ቁርጥራጭ በየተራ ያስራሉ፤ ያደገውን ለቅመው ካደረቁ በኋላ ለውጭ ገበያ የሚሸጡት ሲሆን፣ ከዚህ የሚወጣው ማወፈሪያ ለጥርስ ሳሙናና ለምግብ ማምረቻ ይውላል። ጠያቂዋ ባለ ሶል ጫማ አድርገውና የመንደሩን አስጎብኚ ይዘው፣ ባለቤታቸው ሳይቀሰቀሱ ይህን አይተው ሊመለሱ ይችላሉ። ሴቶቹ ሥራ ላይ ስለሆኑ ፎቶ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ ይገባል። ምግብና መጠጥ አስቀድሞ የሚከፈልበትን «ሁሉን ያካተተ» የሚባለውን ጥቅል መግዛት ግን ለጠያቂዋ አይመከርም፤ የተከፈለበትን ትቶ መንደር ወርዶ መብላት የሚሆንለት ሰው ጥቂት ነውና።

ስቶን ታውን እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ መኪና የማይገባባቸው ጠባብ መተላለፊያዎችና የነሐስ ጉብጉብ የተመታባቸው የተቀረጹ በሮች ያሉበት ከተማ ነው። እዚህ የነበረው የባሪያ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1873 በሱልጣን ባርጋሽ ዘመን በእንግሊዝ ግፊት ከተዘጋ በኋላ በቦታው የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቶበታል፤ በግቢው ጉድጓድ ውስጥ የቆሙት አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ ሐውልቶች በችኮላ የሚታለፉ ስላልሆኑ፣ ለዚህ አንድ ሙሉ ጠዋት ቢመደብ ተገቢ ነው። «ቤት አል አጃኢብ» የተባለው እ.ኤ.አ. የ1883 ቤተ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከፊሉ ስለፈረሰ ከውጭ ማየቱ ይበቃል። ማታ ማታ በፎሮዳኒ መናፈሻ ዓሣና ኦክቶፐስ በከሰል ይጠበሳል፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ አይጠፋም። በከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት።

የቤተሰቡን ጉዳይ በተመለከተ፣ «የሥራ ጉዳይ» የሚለው ሰበብ የመጀመሪያው ፎቶ ፌስቡክ ላይ እስኪወጣ ብቻ የሚያገለግል ነው። ለቤተሰቡ መናገር ያለባቸው ጠያቂዋ ሳይሆኑ የቤተሰቡ ልጅ የሆኑት ባለቤታቸው ናቸው፤ ይህም ለእናትና ለእኅት ወንድም የሚሰጠው ከተሰጠ በኋላ፣ የብር ኢዮቤልዩ ጉዞ መሆኑ ተጠቅሶ፣ ዋጋው ግን ሳይነሣ ቢሆን ይበጃል፤ ማንም ሰው የሆቴሉን ሒሳብ ለአማቱ የማሳየት ግዴታ የለበትም።

የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ የታንዛኒያ ቪዛ 100 ዶላር ሲሆን፣ ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለብቻው የ44 ዶላር የጉዞ መድን ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች መካከል ስለምትቆጠር፣ አዲስ አበባ የሰነበተ መንገደኛ የክትባቱን ቢጫ ካርድ መያዝ አለበት፤ ካርዱ ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ብቻ ስለሚጸና፣ ከአሜሪካ ሳይነሡ መከተብ ይሻላል።