የወጣ መንጋና የኮበለለ መንጋ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ንብ ለመያዝ መታወቅ ያለበት ልዩነት

አደይ አበባና መጭ ሜዳውን በሚሸፍኑበት ወቅት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በአጥር ወይም በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የንብ መንጋ ማየት የተለመደ ነው። በትርፍ ጊዜው ንብ ለሚያነብ ሰው ይህ ባዶ ቀፎን ያለ ብዙ ወጪ የመሙላት ዕድል ነው። ሆኖም ተይዞ ቀፎ የገባ መንጋ በቀናት ውስጥ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ በያዡ ቅልጥፍና ማነስ ይሳበባል፤ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ግን መንጋው ለምን እንደ ወጣ ነው።

መንጋ አንድም ለመራባት፣ አንድም ከችግር ለመሸሽ ይወጣል። ኅብረ ንቡ በርትቶ ቀፎው ሲጠበው ሠራተኞች የንግሥት ቤቶችን ይሠራሉ፤ ቤቶቹ በሰም በሚታሸጉበት ሰሞን አሮጌዋ ንግሥት ከፊሉን ሠራዊት አስከትላ ትወጣለች። (በባህላዊ አጠራር «አውራ» የምትባለው እርሷው ናት፤ ስሙ ወንድ ቢያስመስላትም የኅብረ ንቡ እናት ናት።) እነዚህ ንቦች ማር ጠግበው ስለሚወጡ እምብዛም አይናደፉም፤ አዲስ እንጀራም ፈጥነው ይሠራሉ። ሁለተኛው መኮብለል ነው። ረኀብ፣ ጉንዳን ወይም ማር ሲቆረጥ የሚደርስ ጉዳት ኅብረ ንቡን በሙሉ ያስለቅቃል። የአፍሪካ ንቦች ከአውሮፓ ዘመዶቻቸው ይልቅ ለመኮብለል የቀረቡ ናቸው፤ ስለዚህ በአውሮፓ መመሪያ ብቻ መመራት ያሳስታል። የማዕከላዊው ደጋ ንብ በ2004 እ.ኤ.አ. ጥናት ባንዳሲ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ጥናት ደግሞ ሲሜንሲስ ተብሏል፤ ክርክሩ ለሥርዓተ ምደባ ይጠቅም እንደ ሆነ እንጂ ለመንጋ ያዥ ብዙ የሚለውጠው የለም።

ለመለየት ወቅቱ ጥሩ ምልክት ነው። አበባ በበዛበት ወራት የታየ መንጋ ለመራባት የወጣ ሊሆን ይችላል፤ በበጋው የአበባ እጥረት ወይም ማር በተቆረጠ ማግስት የመጣ ግን የኮበለለ መሆኑ ይጠረጠራል። ማርቲን ሊንዳወር በ1950ዎቹ በጀርመን እንዳሳየው፣ አሳሽ ንቦች ያገኙትን ማደሪያ በመንጋው ገጽ ላይ በውዝዋዜ ያመለክታሉ። ውዝዋዜው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲያዘነብል መንጋው ለመነሣት ተቃርቧል፤ ለያዡ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

አስቀድሞ ቀፎ ሰቅሎ መጠበቅም ይቻላል። የቀፎውን ውስጥ በአሮጌ ሰምና በጠጅ ሳር ማሸት ይረዳል፤ ንቦች ጓደኞቻቸውን ለመጥራት ከሚለቁት ሽታ ውስጥ ያለው ሲትራል በጠጅ ሳር ዘይትም በብዛት ይገኛል።

ከተያዘ በኋላ ያለው እንክብካቤ እንደ መንጋው ይለያያል። ለመራባት የወጣውን ሳይነካኩ መተው ይበቃል። የኮበለለው ባዶ ሆዱን ሊመጣ ስለሚችል የስኳር ብጥብጥ፣ ከዚያም በሶና ሽሮ ይሰጠዋል፤ ከሌላ ቀፎ ያልታሸገ ዕጭ ያለበት እንጀራ ቢጨመርለት ደግሞ የመቆየት ዕድሉ ይጨምራል፤ ንቦች ዕጭ ጥለው መሄድ አይወዱምና። አንድ ቀፎ ብቻ ያለው ጀማሪ ይህን እንጀራ ከጎረቤት አናቢ ከመለመን ሌላ አማራጭ የለውም። ከመጀመሪያው መንጋ በኋላ ድንግል ንግሥት ይዞ የሚወጣው ትንሽ መንጋ የበለጠ ያሳስባል። በሱሉልታ ከኅዳር ወዲህ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል፣ እንዲህ ያለውን ከሌላ ደካማ ኅብረ ንብ ጋር አዋሕዶ በአንዲት ንግሥት ሥር ማሳደር ብቻውን ከመተው ይሻላል።